ስድስት ፓስፖርት በአንድ ቦርሳ

ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤቱን መዝገብ ቤት ስትመራ አንዲት ወረቀት ጠፋባት ሲባል ተሰምቶ አያውቅም። ከሃያ ዓመት በፊት ትምህርቱን የጨረሰ ሰው፣ ግንባሩ ማጅራቱ ድረስ ሰፍቶ፣ «የስምንተኛ ክፍል ውጤቴ ይፈለግልኝ» ብሎ ሲመጣ ወጣቶቹ ጸሐፊዎች ይርበተበታሉ። እሷ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች፣ አረንጓዴው ክላሰር» ትላለች። ክላሰሩም እዚያው ይገኛል። የካቢኔቶቹን ቁልፎች በጥቁር ክር አስራ ካንገቷ ሳታወልቅ ውላ ትገባ ስለነበር የስፖርት መምህርቷ «ካዝና» ብላ ስም አወጣችላት። ለሹፈት የወጣው ስም ቀስ በቀስ የክብር ስም ሆነና ርእሰ መምህሩ ሳይቀር «እስቲ እትዬ ካዝናን ጠይቋት» ማለት ጀመረ። ቅር አላላትም። እንዲያውም፣ ለማንም ባትናገረውም፣ ደስ ይላት ነበር።

ጡረታ ስትወጣ የምትጠብቀው ነገር አጣች። ባሏ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ አንድ ሴት ልጇ አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች። ጠዋት ተነስታ፣ ቤቷን ጠርጋ፣ በሮቿን ቆላልፋ ቁጭ ትላለች። «ሌባው ራሱ ሰለቸኝ ብሎ የተወኝ መሰለኝ» አለቻት አንድ ቀን ለልጇ በስልክ። ቀልድ ነበር፤ ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

በሁለተኛው ዓመት ላይ ግብዣው መጣ። ባሕር ማዶ የሚኖሩ የትምህርት ቤቱ የድሮ ተማሪዎች ተሰባስበው፣ «ያስተማሩንን በቁማቸው እንያቸው» ብለው ሰባት ጡረተኞችን ለሁለት ሳምንት ጠሩ። ሰባቱ እሷ፣ የሥዕል መምህሩ፣ የስፖርት መምህርቷ፣ የሒሳብ መምህሩና ባለቤታቸው፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ፣ እንዲሁም የድሮው የበር ጠባቂ ነበሩ። መንገዱ ባንዴ አያደርስም። መጀመሪያ በአውሮፕላን ወደ አንድ ትልቅ ከተማ ይሄዳሉ፤ እዚያ ሁለት ቀን አርፈው በባቡር ድንበር ተሻግረው ተማሪዎቹ ወዳሉበት አገር ይገባሉ።

ለሌሎቹ ነገሩ ሽርሽር ነው። ለሥዕል መምህሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። ታላቅ ወንድማቸው በዚያው በሁለተኛው አገር ሆስፒታል ተኝተዋል። ወንድማማቾቹ ዓይን ለዓይን ከተያዩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ሐኪሞቹ በፊት «ወራት» ይሉ የነበረውን አሁን «ሳምንታት» ማለት ጀምረዋል። መምህሩ ይህን ለማንም አላወሩም። ለእሷ ብቻ፣ የቪዛ ቅጻቸውን እየሞላችላቸው «የጉዞው ምክንያት» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። «ጉብኝት ብለሽ ጻፊው» አሉ ቀጥለው። «ውሸትም አይደል።»

የጉዞው ቀን አየር ማረፊያ ሲገናኙ ሁሉም ተወነባብደው አገኘቻቸው። የበር ጠባቂው ፓስፖርታቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋል። የሒሳብ መምህሩ «አንቺ ጋ ነው» ይላሉ፣ ሚስታቸው «አንተ ጋ ነው» ትላለች። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ሻንጣዋን መሬት ላይ ዘርግፋ ትበረብራለች። ካዝናን አላስቻላትም።

«በሉ ወዲህ በሉ» አለች እጇን ዘርግታ። «ሁሉም እኔ ጋ ይሁን። እስክንመለስ ስለ ወረቀት ማንም አያስብ።»

እፎይ ብለው ሰጧት። እሷም ከራሷ ጋር ስድስት አድርጋ፣ በላስቲክ አስራ፣ ባለዚፑ ቡናማ የቆዳ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ቪዛውን ስታስጨርስ የሁሉንም ፎቶ ኮፒ አስደርጋ ነበርና እሱንም በላስቲክ ማህደር አድርጋ ከጎኑ ከተተች። ቲኬቶቹንም ጨመረች። የሥዕል መምህሩ ትንሽ ካመነቱ በኋላ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ መሀረብ አወጡ። ውስጡ ቀጭን የወርቅ ቀለበት ነበር።

«የእናታችን ናት» አሉ። «ለእሱ ነው የምወስድለት።»

«እሷንም እኔ ጋ ያድርጓት፣ ጋሼ። እዚያ አገር ኪስ አይታመንም ይላሉ።»

ሰጧት።

እምቢ ያለችው የስፖርት መምህርቷ ብቻ ነበረች። «እኔን ተይኝ፣ እትዬ» አለች። «እኔ ዝርክርክ ነኝ። ከገላዬ የተለየ ነገር ሁሉ ይጠፋብኛል። በዚህ ዓመት ብቻ ስንት ጃንጥላ ቀበርኩ!» ሹራቧን ገለጥ አድርጋ፣ ከአሮጌ ቱታ ጨርቅ ራሷ የሰፋችውን በወገቧ ላይ የታሰረ ጠፍጣፋ ኪስ አሳየቻት። «ፓስፖርቴ እዚህ ነው። ኮፒው ጫማዬ ውስጥ ነው። ፎቶው ደግሞ እህቴ ስልክ ላይ ተቀምጧል። የምንለያየው ገላዬን ስታጠብ ብቻ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የበር ጠባቂው፣ «ጫማ ውስጥ! ወረቀቱ ድንበር ላይ ሲወጣ ሽታው ነው ወታደሩን የሚጥለው» አሉ። ካዝና ግን ፊቷን ቋጠረች። «ስታለቃቅስ የምትመጣው እኔው ጋ ነው» አለች በልቧ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ባቡር ጣቢያው ደረሱ። ጣሪያው መስታወት የሆነ ሰፊ አዳራሽ ነው። ሰው እንደ ጎርፍ ከሁሉም በር ይገባል፤ የድምፅ ማጉያው በማይገባቸው ቋንቋ ያለማቋረጥ ይናገራል። ወደ ባቡሮቹ ለመድረስ በተንቀሳቃሽ ደረጃ መውጣት ነበረባቸው። የበር ጠባቂው እንዲህ ያለ ደረጃ ላይ ቆመው አያውቁም። አንዱን እግራቸውን አስቀደሙና ሌላውን ረሱት። ደረጃው ይዟቸው ሲነሳ ወደ ኋላ ተንጋለሉ።

ከኋላቸው የነበረችው እሷ ናት። ቦርሳዋን ጥላ በሁለት እጇ ጭንቅላታቸውን ያዘች። ያኔ ባትይዛቸው ኖሮ የብረቱ ጠርዝ ያገኛቸው ነበር። ሰው ተሰበሰበ። አንድ ኮት የለበሰ ወጣት በብብታቸው ገብቶ አነሳቸው፤ አንዲት ሴት የተላጠ ክርናቸው ላይ ሶፍት ጫነችላቸው። ሽማግሌው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው «ምንም አልሆንኩ፣ ምንም አልሆንኩ» እያሉ ኮፍያቸውን ሲፈልጉ፣ እሷ ዞር አለች።

ቦርሳው አልነበረም።

መጀመሪያ አላመነችም። ሌላ ቦታ አስቀምጬው ነው አለች ለራሷ። በሕይወቷ ግን ዕቃ ሌላ ቦታ አስቀምጣ አታውቅም። ደረጃው ሥር ተንበርክካ በሰው እግር መካከል አየች። ከዚያ «ቦርሳዬ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደማፈር ብላ። ሁለተኛ ስትለው ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። የስፖርት መምህርቷ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ሻንጣዋን ወርውራ ወደ ትልቁ በር ሮጠች። ስልሳ ዓመቷ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደረቷ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ባዶ እጇን ተመለሰች።

የጣቢያው ፖሊስ ቢሮ ጠባብ ነበር፤ ሁሉንም ስለማይዝ ግማሾቹ ኮሪደር ላይ ቆሙ። ቋንቋውን ትንሽ የምትሞካክረው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ታስተረጉማለች። ወጣቱ ፖሊስ ቅጽ እየሞላ፣ «የፓስፖርቶቹ ኮፒ አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«አለን!» አለች ካዝና ፈጥና። «የሁሉም አለ።»

«የት ነው?»

እጇ ቦርሳውን ፍለጋ ወደ ጎኗ ሄደ። ሁሉም ያዩዋታል።

«ከፓስፖርቶቹ ጋር» አለች በመጨረሻ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ይህን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደባት። የሥዕል መምህሩ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። በመስኮቱ አሻግረው የባቡሮቹን መነሻ ሰዓት የሚያሳየውን ትልቅ ሰሌዳ ያዩ ነበር። የእነሱ ባቡር ከሰሌዳው እስኪጠፋ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።

በማግስቱ በአገራቸው ቆንስላ ያነጋገራቸው ሰውዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ሻይ አዘዘላቸው፣ ሽማግሌውን ለስላሳው ወንበር ላይ አስቀመጠ። ነገር ግን የሚለው አንድ ነው። «ወደ አገር ቤት የሚመልሳችሁ የይለፍ ወረቀት በሳምንት ውስጥ ይደርሳል። እሱ ድንበር አያሻግርም። ለዚያ አዲስ ፓስፖርት ታትሞ መምጣት አለበት፣ ከዚያ ደግሞ ቪዛ እንደገና። ወር ይፈጃል።»

«ወንድማቸው ሊሞቱ ነው!» አለች ካዝና፣ ሌሎቹ ፊት። «እሳቸውን ብቻ። እኛ እንቅር፤ እሳቸውን ብቻ አሻግሩልን።»

ሌሎቹ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። መምህሩ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው፣ «ተይው፣ እህቴ» አሉ። ሰውዬው ስልክ ደወለ፣ ሌላም ስልክ ደወለ። የዚያኛው አገር ኤምባሲ ፓስፖርት የሌለው ሰው ጉዳይ አላይም አለ።

ሆቴሉ ተመለሱ። የስፖርት መምህርቷ ተነሳች። «እኔ ልሂድ» አለች። «መሻገር የምችለው እኔ ነኝ። እናንተን ጥዬ ብሄድ ሆዴ አይችልም ብዬ ነበር የቆየሁት። ግን ጋሼ፣ እርስዎ ሂጂ ካሉኝ እሄዳለሁ።»

መምህሩ «ሂጂልኝ» አሉ።

ባቡሩ ሊነሳ ሲል መምህሩ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አነጋገሯት። ካዝና ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ ሰማች። «መጥቷል በይው» ይሏት ነበር። «ቀረ እንዳይለኝ። አልቀረሁም። በባቡር የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ነው ያለው በይው። እጁን ያዥልኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው፤ እንዳትደነግጪ።»

የስፖርት መምህርቷ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ደረሰች። ስልኳን በሽተኛው ጆሮ ላይ እየያዘች ወንድማማቾቹን አገናኘቻቸው። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ተናገሩ። በሁለተኛው ቀን የሚናገሩት መምህሩ ብቻ ነበሩ። የሆቴሉ ኮሪደር መጨረሻ ያለችውን ወንበር ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው፣ ስለ ልጅነት ሰፈራቸው፣ ስለ አባታቸው በቅሎ፣ አብረው ስለሰረቁት ኮክ ያወራሉ። ካዝና ክፍሏን ከፍታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሚሰማትን ትሰማለች። ጠዋት ጠዋት እየተነሳች ብቻዋን ጣቢያው ትሄዳለች። የጠፋ ዕቃ የሚመዘገብበት መስኮት ላይ ትቆማለች፤ ከዚያ ሌባ የማይፈልገውን ይጥላል ሲሉ ሰምታ ነበርና የቆሻሻ ገንዳዎቹን ክዳን እያነሳች ታያለች። አንዲት የጣቢያው የጽዳት ሠራተኛ ተቆጥታ መጣች፤ ፊቷን ስታይ ግን ቁጣዋን ዋጠችው። ካዝና በእጇ የፓስፖርት ቅርጽ ሠርታ አሳየቻት። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ የራሷን ጓንት አውልቃ ሰጠቻትና ሁለቱ ቃል ሳይለዋወጡ ገንዳ በገንዳ አብረው ፈለጉ። ምንም አላገኙም።

በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት አካባቢ፣ የመምህሩ ስልክ ጠራ። ካዝና ከክፍሏ ሆና «እሺ» ሲሉ ሰማች። እንደገና «እሺ። እሺ የኔ ልጅ። ተይ አታልቅሺ» አሉ። ተነስታ ወደ እሳቸው ልትሄድ ፈለገች። በሩ ድረስ መጣች። የሒሳብ መምህሩና ሚስታቸው አልፈዋት ሄደው ግራና ቀኝ አቀፏቸው። እሷ የበሩን መቃን ይዛ እንደቆመች ቀረች።

አገር ቤት ሲመለሱ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። እሷም በሯን ዘጋች። ልጇ ከሌላ ከተማ መጥታ ሳምንት ተቀመጠች። «እማዬ፣ የሰው ሕይወት ነው ያተረፍሽው። ሽማግሌው ጭንቅላታቸው ተፈጥፍጦ ቢሆንስ?» ትላታለች። እናትየው ትሰማለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። የሽማግሌውን ነገር አልተጸጸተችበትም፤ ዛሬም ቢሆን ቦርሳውን ትጥለው ነበር። የሚያንገበግባት ቦርሳው ውስጥ የነበረው ነው። የስድስት ሰው መንገድ በአንድ ዚፕ ላይ ለምን አንጠለጠልኩት? ኮፒውን ቢያንስ ሻንጣዬ ውስጥ ባደርገው ምን ነበረበት? ቀለበቷ እሳቸው ደረት ላይ ብትቆይ ምን ሆዴን ቆረጠኝ?

ልጇ ከሄደች በኋላ ማንም ሲያንኳኳ አልከፍት አለች። አንድ ጊዜ ብቻ ከፈተች። የጎረቤት ልጅ ለትምህርት ውጭ አገር ልትሄድ ነውና ልትሰናበታት መጥታ ነበር። ካዝና ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ እጇን ያዘቻት። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ፓስፖርትሽን ለማንም አትስጪ። እናት የምትመስል ሴት ‹እኔ ልያዝልሽ› ብትልሽም አትስጪ። ገላሽ ላይ ይሁን። ኮፒውን ከእሱ ለይተሽ አስቀምጪው፣ አንዱን እናትሽ ጋ ተዪው። ወርቅ ይዘሽ አትሂጂ።» ልጅቷ ደንግጣ «እሺ እትዬ» አለች። ከሄደች በኋላ ካዝና በሩ ሥር ቁጭ ብላ፣ ከጣቢያው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

አራተኛው ሳምንት ላይ የሥዕል መምህሩ መጡ። ድምፃቸውን ስትሰማ መቀርቀሪያውን አንስታ ፊታቸው ቆመች። ጥቁር ለብሰዋል፤ ከስተዋል።

«ጋሼ፣ መምጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ አንቺ ነበርሽ» አሉ። «ስትቀሪብኝ መጣሁ።»

ወንበር ሳበችላቸው። አልተቀመጡም።

«ይቅርታ ልልዎት አስቤ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።»

«ልዋሽሽ አልችልም፤ ተቀይሜሻለሁ» አሉ። «ሆቴሉ ውስጥ ፊትሽን ማየት ያቃተኝ ቀን ነበር። ኋላ ግን ሳስበው፣ ነጥቀሽ አልወሰድሽብኝም። እኔ ነኝ የሰጠሁሽ። ወንድሜ ሊሞት ነው፣ ጭንቅላቴ ሞልቷል፤ አንድ ነገር እንኳ ሌላ ሰው ይያዝልኝ ብዬ ሰጠሁሽ። ሁላችንም ለመገላገል ስንል አንቺ ላይ ጫንን። ቅያሜው ገና አልወጣልኝም። እስኪወጣልኝ ግን በርሽን ዘግተሽ አትጠብቂኝ። እኔ ሰው እየቀነሰብኝ ነው።»

ከዚያ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠቻቸው። ግማሹን ጠጥተው፣ «አንድ ነገር ትሠሪልኛለሽ» አሉ። «ያቺ ስፖርተኛ የመጨረሻዎቹን ቀኖች ስትነግረኝ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ትላለች። እኔም ስሰማት እየደነገጥኩ ነው፤ አይያዝልኝም። አንቺ ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ከገባችበት ደቂቃ እስከ መጨረሻው።»

የስፖርት መምህርቷ ሦስት ቀን በተከታታይ ከሰዓት በኋላ መጣች። ካዝና ጠረጴዛዋን ጠርጋ፣ ባለመስመር ወረቀት ዘርግታ ትጠይቃታለች። መስኮቱ በየት በኩል ነበር? ክፍሉ ውስጥ ሌላ በሽተኛ ነበር? ነርሷ በስንት ሰዓት ነው የምትገባው? የያዝሽው የትኛውን እጃቸውን ነው?

«እንዴ፣ ምርመራ ነው እንዴ?» ትላለች የስፖርት መምህርቷ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ታስባለች። «የግራውን። በቀኙ መድኃኒት ተሰክቶበት ነበር። እንዳሉት ቀዝቃዛ ነበር፤ በሁለት እጄ አሸሁት።»

በሁለተኛው ቀን ካዝና ብዕሯን አስቀመጠች። «አንቺን ዝርክርክ እያልኩ ስንት ዓመት ሳቅሁብሽ።»

«ነኝ እኮ!» አለች የስፖርት መምህርቷ። «ስመጣ ጃንጥላዬን ታክሲ ውስጥ ረስቼው መጣሁ። በይ ጻፊ፣ ሳይጠፋኝ።»

ሲያልቅ አሥራ አራት ገጽ ሆነ። መምህሩ መጥተው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ቆመው፣ ብርሃን ወዳለበት ዞረው። ሁለቱ ሴቶች ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ‹ሳቁ› ይላል። በምን ሳቀ?»

የስፖርት መምህርቷ ካዝናን አየች፣ ከዚያ ወለሉን። «እሱን ዘልዬው ነው። የሚቀየሙ መስሎኝ።»

«ንገሪኝ።»

«‹ሥዕል ሲሥል አሁንም ምላሱን ያወጣል?› ብለው ጠየቁኝ። ‹አዎ፣ ተማሪው ሁሉ እየሾፈባቸው ነው ያደገው› ስላቸው ሳቁ። ሳል እስኪያፍናቸው ድረስ ሳቁ።»

መምህሩ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ያዙት። ሲዞሩ ፊታቸው በእንባ ርሶ ይስቁ ነበር። ገጹን ካዝና ፊት አስቀመጡት።

«እሱንም ጻፊው» አሉ።

ብዕሯን አነሳች። ኅዳጉ ጠባብ ስለነበር ፊደሉን አሳንሳ፣ የስፖርት መምህርቷን ቃል በቃል እያስደገመች ጻፈችው።